ሰርተፊኬቱ ማኅደር ውስጥ፣ ትምህርቱ ውጭ፦ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ዩኒቨርሲቲ ከሚያስተምር ወጣት ጋር ቡና ስትጠጡ አንድ ቅሬታ አይቀርም። «ድጋፍ የለም» ይላል። ቅሬታው መሠረት አለው። በጀት ይዘገያል፣ ኢንተርኔት ይቆራረጣል፣ ከቀትር በኋላ ያለው የድሬ ሙቀት ደግሞ መምህሩንም ተማሪውንም ያዝላል። ግን ያለውስ ድጋፍ? የማስተማር ሥልጠና አለ። አነስተኛም ቢሆን የምርምር ገንዘብ አለ። በነጻ የሚነበቡ መጽሔቶች አሉ። ልምዱን ሊያካፍል ፈቃደኛ የሆነ ነባር መምህርም አይጠፋም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁሉ ወደ ወረቀት መቀየሩ ነው። ሰው የሚሠለጥነው ለማኅደር፣ የሚጽፈው ለደረጃ እድገት ነጥብ ሆኗል። አዲስ መምህር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚለምደው ነገር ደግሞ አብሮት ይከርማል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልዘርዝር።

ኤች ዲ ፒን ለፊርማ ብሎ መጨረስ

ኤች ዲ ፒ የምንለው የመምህራን የማስተማር ሥልጠና፣ የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከሃያ ዓመት በላይ ሲሰጥ ቆይቷል። ሠልጣኙ ሥራውን ሳያቋርጥ ይማራል፣ ፖርትፎሊዮ ያዘጋጃል፣ በራሱ ክፍል ላይ የተግባር ምርምር ይሠራል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ የተግባር ምርምሩ ላይ ነው። ካለፈው ዓመት ሠልጣኝ ፍላሽ ላይ ፋይል ይገለበጣል፣ የኮርሱ ስምና ቀኑ ይቀየራል፣ ይጠረዛል፣ ይገባል። ርዕሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «የተማሪዎች ተሳትፎ ማነስ»። የማን ተማሪ? የትኛው ትምህርት ላይ? መልስ የለውም።

በትክክል ሲሠራ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሲቪል ምህንድስና የሚያስተምር አንድ ባልደረባዬ «ገባችሁ?» ሲል ክፍሉ ሁሌ «አዎ» ይለዋል። ፈተና ሲመጣ ግን ግማሹ እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል። አንድ ቀን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግማሽ ግማሽ ወረቀት አደለ። «ስም አትጻፉ። ያልገባችሁን አንድ ነገር ብቻ፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ» አላቸው። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛ ተጽፎ መጣ። የማይችለውን ቋንቋ ባልደረቦቹ አነበቡለት። አብዛኛው ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ ቤንዲንግ ሞመንት፣ ማለትም ጭነት ተሸካሚውን የሚያጎብጥበት መጠን፣ ሲሰላ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክቱ ከየት እንደሚመጣ አልገባንም። እሱ ደግሞ ይህን ቀላል ነው ብሎ በሁለት ደቂቃ የሚያልፈው ጉዳይ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የፕላስቲክ ማስመሪያ ይዞ ገባ። ወደ ታች እያጎበጠ፣ መልሶ ወደ ላይ እያጎበጠ፣ የቱ ፊት እንደሚለጠጥና የቱ እንደሚጨመቅ አሳያቸው። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ጠየቀ።

የተግባር ምርምር ማለት ይኸው ነው። ጥያቄ፣ ማስረጃ፣ ለውጥ፣ እንደገና ማየት። ሃምሳ ገጽ አያስፈልገውም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ክፍል ውስጥ «አዎ» ተብሎ የታለፈው ነገር እዚያ ላይ ይወጣል። ያኔ የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ክፍል ገብቶ የሚያይ ባልደረባን እንደ መርማሪ መቁጠር

«ምነው? ክፍሌ ገብተህ ሪፖርት ልታደርግብኝ ነው እንዴ?»

«አቦ የምን ሪፖርት! አንተ ራስህ ምኑን እንድመለከትልህ ትፈልጋለህ?»

ሁለተኛው ሰው የጠየቀው ጥያቄ የነገሩ ቁልፍ ነው። ባልደረባ ክፍል ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ እንዲያይላችሁ ንገሩት። ጥያቄ ስጠይቅ ስንት ሰከንድ እጠብቃለሁ? የምጠራው የፊት ወንበሩን ብቻ ነው ወይስ ኋላ የተቀመጡትንም? ሴት ተማሪዎች ዕድል ያገኛሉ? በዚያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ማስታወሻው ከእናንተ ጋር ይቅር፣ ዲፓርትመንት አይግባ። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎችም ይህን ከውጤት ምዘና ጋር ባያቀላቅሉት ደግ ነው። አንዴ ከተቀላቀለ በኋላ ማንም እውነተኛ ክፍሉን አያሳይም።

የምርምር ጥሪ ሲወጣ ብቻ መጻፍ መጀመር

የምርምር ገንዘብ ላይ የሚሠሩት ስህተቶች ብዙ ናቸው። ሁሉም ግን የሚመነጩት ከጊዜ አያያዝ ነው።

ጥሪው ይለጠፋል፣ ጥቂት ሳምንት ይሰጣል፣ ሁሉም ይሯሯጣል። የምርምር ፕሮፖዛሉ በሁለት ሌሊት ይጻፋል። ገምጋሚው የሚያየውም የሁለት ሌሊት ሥራ ነው። ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ሁለት ገጽ ጽፎ፣ ለአንድ ነባር ተመራማሪ አሳይቶ፣ አስተካክሎ ያስቀመጠ ሰው ቀድሞ ይሄዳል። ያ ሁለት ገጽ ለሌላ ጥሪም ያገለግላል።

ሁለተኛው ስህተት የበጀት ዓመቱን መርሳት ነው። የመንግሥት በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ዝናብ ግን ፋይናንስን አይጠብቅም። በሐረርጌ ቶሎ የማይደርሰው ማሽላ የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ የሚሰበሰበው ኅዳር አካባቢ። እንግዲህ ማሽላ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሥራው ሁለት የበጀት ዓመት ላይ ይወድቃል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው ዘሩን ዘርቶ ለአረሙና ለአጨዳው ገንዘብ ያጣል። ዕቅዱን ከመጀመሪያው ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ ሰኔ የሚከፈለው ለብቻ፣ ከሐምሌ በኋላ የሚጠየቀው ለብቻ። ግዢውም ጊዜ ይበላል። ኬሚካል ወይም የላብራቶሪ ዕቃ በመጋቢት ጠይቆ በሰኔ መጠበቅ ራስን ማድከም ነው።

ሦስተኛው ስህተት ሂሳብ ማወራረድ ላይ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ መስክ የወጣ ሰው ሲመለስ ደረሰኝ ይጠየቃል። ባቢሌ ገበያ ላይ ኦቾሎኒ ለናሙና የሸጠችላችሁ ሴት ደረሰኝ የላትም። ታዲያ ምን ይሁን? መልሱን ከመስክ በፊት ፋይናንስ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ። በምን ቅጽ፣ በማን ፊርማ፣ በየትኛው ማኅተም እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ያዙ። መረጃ ሰብሳቢዎች የሚፈርሙበትን የክፍያ ዝርዝርም አብራችሁ አዘጋጁ። ያልተወራረደ ሂሳብ ያለበት ሰው ቀጣዩን ገንዘብ አያገኝም፤ ጎበዝ ተመራማሪዎች በዚህ ምክንያት ዓመት ሲያጡ አይቻለሁ።

በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት መገኘት አለበት። ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ደህና መጽሔት ደግሞ የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቃል።

«በሦስት ቀን እናትማለን» ለሚል መጽሔት መላክ

ይህኛው ልቤን ያሳዝነዋል። ልጁ ሁለት ዓመት ለፍቷል፣ መረጃው ደህና ነው፣ ጽሑፉም መጥፎ አይደለም። ሌሊት ላይ ኢሜይል ይደርሰዋል። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ይለዋል፣ እሱ ገና ሌክቸረር ነው። ያለፈውን ሥራውን ያወድሳል። ገምግሞ ለማተም ሦስት ቀን ይበቃኛል ይላል። ከዚያ ዶላር ይጠይቃል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ይከፈላል፣ ይታተማል። በደረጃ እድገት ጊዜ ኮሚቴው መጽሔቱን አይቀበልም። ጽሑፉም ሌላ ቦታ መውጣት አይችልም፣ አንዴ ታትሟላ።

ከመላካችሁ በፊት ጥቂት ነገር አረጋግጡ። መጽሔቱ በአርታኢነት ስማቸውን የዘረዘራቸው ሰዎች እውነት እዚያ ይሠራሉ? ለአንዱ ኢሜይል ጻፉለት። ስኮፐስ ወይም ዶአጅ በሚባሉት የመጽሔት መዝገቦች ውስጥ አለሁ ካለ፣ እሱ በሰጣችሁ ሊንክ ሳይሆን ራሳችሁ ገብታችሁ ፈልጉት። የታወቀ መጽሔት ስም ሰርቀው ሐሰተኛ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉና አድራሻውን ፊደል በፊደል ተመልከቱ። ክፍያውን የሚናገረው መቼ ነው? ጽሑፋችሁ «ተቀባይነት አግኝቷል» ካለ በኋላ ከሆነ ሽሹ።

ደግሞ ገንዘብ ሳይከፈል የሚታተምበት መንገድ አለ። ብዙ ታላላቅ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይተዋሉ፤ ግን ጽሑፉ ሲላክ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ መጽሔቶችም አሉ። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኢስት አፍሪካን ጆርናል ስም በሳይንስ፣ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በጤና ዘርፍ መጽሔቶች ያሳትማል። አገር ውስጥ ነው ብሎ መናቅ ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ለማንበብም ቢሆን እንዲሁ። በክፍያ የሚነበቡ መጽሔቶችን የሚከፍት ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባል አገልግሎት አለ። የጤናው ክፍል ሂናሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተጀመረው። ለኢትዮጵያ ተቋማት በነጻ ነው። የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ያለው ባለሙያ ጋ ይገኛል። ሄዶ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

ስምን በየጽሑፉ በተለያየ መንገድ መጻፍ

የእኛ ስም ከአባትና ከአያት ጋር ነው የሚሄደው። የውጭ የመረጃ ቋቶች ደግሞ መጨረሻ ያለውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ። አንዴ እስከ አባት፣ አንዴ እስከ አያት የጻፈ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል። «ፀ»ን በላቲን ፊደል አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ የጻፈማ ሦስተኛ ሰው ይወልዳል። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ከዲግሪያችሁና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስተያዩ፣ አትቀይሩት። ከዚያ ለተመራማሪዎች የመለያ ቁጥር በሚሰጠው ኦርኪድ ላይ ተመዝገቡ። ነጻ ነው፣ ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ይሰጣል፣ ዩኒቨርሲቲ ብትቀይሩም አብሯችሁ ይሄዳል።

አማካሪና አለቃን አንድ ማድረግ

የትምህርት ክፍል ኃላፊው አማካሪ (ሜንተር) ሆኖ ከተመደበ፣ ወጣቱ ችግሩን አይነግረውም። እንዴት ይንገረው? ውጤቱን የሚሞላው እሱ ነው። ከሌላ ትምህርት ክፍል ሰው ፈልጉ። ሴት መምህራን በተለይ ከወሊድ ፈቃድ ሲመለሱ ምርምራቸውን ከየት እንደሚያነሱት የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ይህን ያለፈች እህት ናት የምታውቀው። በአካባቢያችሁ ከጠፋም ኦተርኤይድ የሚባለው መረብ በኢንተርኔት በነጻ ከነባር ተመራማሪ ጋር ያገናኛል።

ለኃላፊዎች አንድ ነገር

አዲስ ለገባ መምህር ነባሮቹ የማይፈልጉትን ኮርስ ሁሉ መጫን ልማድ ሆኗል። ማንም ያላዘጋጀው ማስታወሻ፣ ትልቁ ክፍል፣ የማታው ፕሮግራም፣ የቅዳሜና እሑዱ። ከዚያ «ምርምር አትሠራም» ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አንድ ኮርስ ይቀነስለት። የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ፎቶ ተነስቶ መለያየትም ይብቃ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቡድን ሰብስቦ «ምን ሞከራችሁ? ምኑ አልሠራም?» ብሎ መጠየቅ ከአዳራሽ ኪራይና ከምሳ ያነሰ ወጪ ነው።

እግር ስር ያለውን ጥያቄ ማለፍ

ብዙ ወጣት ተመራማሪ ርዕስ የሚፈልገው ከውጭ ጽሑፍ ነው። እግሩ ሥር ያለውን አያይም። በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ወባ በደረቁ ወቅት ተነሳ። ታማሚዎቹ ከተገኙባቸው ቦታዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ነበር። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የተመራው ጥናት ወረርሽኙን አኖፌሌስ ስቴፈንሲ ከምትባለው የወባ ትንኝ ጋር አያይዞታል። ጥናቱ በኔቸር ሜዲሲን ታትሟል። ይህች ትንኝ ከእስያ የመጣች ናት፤ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። ረግረግ አትጠብቅም። በርሚል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ሁሉም ቤት ውሃ ያጠራቅማል።

ከዚህ አንድ ጉዳይ ስንት ጥያቄ ይወጣል? ምህንድስናው የሮቶ ክዳን ያጠናል። ማኅበራዊ ሳይንሱ ውሃ የሚያጠራቅመው ማን እንደሆነና እንዴት እንደሆነ ይጠይቃል። መምህሩ ለተማሪዎቹ የክፍል ሥራ ያደርገዋል፤ የራሳቸውን ማደሪያ እየዞሩ እጭ ይቁጠሩ።

ጥናቱ ሲያልቅ ደግሞ ውጤቱን መልሱ። መረጃ የሰጡት የቀበሌ ነዋሪዎች መጽሔት አያነቡም። አንድ ገጽ ጻፉ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ አስተርጉሙት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ስጧቸው። ስብሰባ ከጠራችሁም ጠዋት አድርጉት። ድሬ ከቀትር በኋላ ሰው አታገኙም።