ደዘርት ሮዝን ከባህር ዳር ክረምት እንዴት ማትረፍ ይቻላል?

የመጀመሪያዋን ደዘርት ሮዝ የገደልኳት በውሃ ነው። ሐምሌን ሙሉ ግቢ መሀል ትቻት ዝናቡ ሲወርድባት ከረመ። አንድ ቀን ግንዷን ብነካው እንደ በሰለ ድንች ጣቴ ገባበት። ሁለተኛዋ ግን ይኸው 5ኛ ክረምቷን ይዛለች።

ይህች ባለ ሮዝ አበባ ቁጥቋጦ በአገራችን ምሥራቅና ደቡብ ቆላ፣ በዓለት ስንጥቅና በጠጠራማ ተዳፋት ላይ ትበቅላለች። «የበረሃ ጽጌረዳ» ቢሏትም ከጽጌረዳ ጋር አትዛመድም። ከአጋም ጋር ነው አንድ ቤተሰብ የሆነችው፤ ስትቆረጥ የምታፈሰው ነጭ ወተት ይመሰክራል። ስንጥቅ ውስጥ ዝናቡ መጥቶ ወዲያው ያልፋል። እሷም የደረሳትን በወፍራም ግንዷ ቋጥራ በጋውን ትገፋለች። እኛ ጋ ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው። የግቢዬ አፈርም ውሃ የማይለቅ መረሬ። ስለዚህ ስንጥቁን ራሳችን መሥራት አለብን።

ሰፋ ያለ የሸክላ መትከያ ፈልጉ። ከሥሩ ቀዳዳ ከሌለው ብሱት። አፈሩ ሁለት እጅ ሬዳሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር)፣ አንድ እጅ ሻካራ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ይሁን። ሬዳሹን ንፉና ዱቄቱን ጣሉት፤ ባቄላ የሚያህለው ነው የሚፈለገው።

ተክሏን ከድሮ አፈሯ አውጡ፣ የበሰበሰ ሥር ካለ ቁረጡ። ከዚያ ቶሎ አትትከሉ! ቁስሉ እንዲደርቅ አምስት ቀን ጥላ ላይ ትቆይ። ከከተማችን የማይጠፋውን ጥቁር ድንጋይ ሁለት ጠፍጣፋ መርጣችሁ መትከያው ውስጥ አቁሙና በመሀላቸው ትከሏት። የግንዱ እብጠት ከአፈር በላይ ይታይ። ለአንድ ሳምንት ጠብታ ውሃ እንዳታዩባት።

በበጋ ፀሐይ ላይ አውሏት፣ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ አጠጧት። ክረምት ሲገባ ታዛ ሥር አስገቧት። ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ሲበርድ ቅጠሏን ብታረግፍ አትደንግጡ፤ ውሃውን ብቻ ቀንሱ። አማቴ «ጠምቷት ነው እኮ» እያሉ ተደብቀው ያጠጡ ነበር፤ እኔም ጆጉን እደብቃለሁ።

ግንዱን በጣት መጫን ልመዱ። ጠንካራ ከሆነ ደህና ናት። አፈሩ ደርቆ ግንዱ ከተጨማደደ ጥም ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ግንዱ ከለሰለሰ ግን መበስበስ ጀምሯል፤ ነገ አትበሉ። ቢላውን በአልኮል ጠርጉና ቡናማው አልቆ ንጹሕ ነጭ እስኪታይ ድረስ ቁረጡ። በየቁርጡ መሀል ቢላውን እንደገና ጥረጉ። አንዲት ቡናማ ነጥብ ብትቀር ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ ጥላ ላይ አድርቃችሁ በአዲስ አፈር ትከሉ። ወተቱ መርዝ ነው፤ በአንዳንድ የአፍሪካ አካባቢዎች አዳኞች ቀስት ይቀቡበት ነበር። ጓንት አድርጉ፣ ልጅና ፍየል አይድረስባት።

ማባዛት ከፈለጋችሁ ከዘር ይሻላል። ቅርንጫፍም ይጸድቃል፣ ግን ግንዱ እንደ እናቱ አይወፍርም። ፍሬዋ እንደ ቀንድ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። መብሰል ሲጀምር በክር እሰሩት። ዘሩ በሁለት ጫፉ ጸጉር አለው፤ ሳይታሰር ከፈነዳ የጣና ንፋስ ለጎረቤት ያድለዋል።