በዶሮ ቆዳ ላይ የሚወጣ የባክቴሪያ ቁስል፦ አለያየቱና አያያዙ

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ዶሮ ቆዳ ላይም ይገኛል፤ ክሎስትሪዲየም የሚባሉትም በአንጀቷ፣ በአፈርና በጉዝጓዙ ውስጥ ይኖራሉ። ቆዳዋ እስካልተቀደደና የሰውነቷ መከላከያ እስካልደከመ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አይጎዷትም። ስለዚህ ቁስል ያየ አርቢ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጡ በፊት ቆዳዋን የቀደደውን ነገር ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ምክንያቱ ካልተወገደ ዛሬ የዳነችው ዶሮ በሚቀጥለው ወር ተመልሳ ትታመማለች።

በእንቁላል ጣዮችና በከባድ አውራ ዶሮዎች ላይ በብዛት የሚታየው የውስጥ እግር እብጠት ነው። ይህን ለመመርመር አመቺው ጊዜ ምሽት ነው፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ወጥተው ሲረጋጉ አንድ በአንድ እያነሡ እግራቸውን ገልብጦ በባትሪ ማየት ይቻላል። በእግሩ መሃል ሽንብራ የምታህል ጥቁር ቅርፊት ካለች፣ ዙሪያዋም አብጦ የሚሞቅ ከሆነ በሽታው ጀምሯል ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ እብጠቱን ይጨምቁታል። የዶሮ ነጭ የደም ሕዋሳት መግልን የሚያቀልጠው ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው መግሏ እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ ደረቅ አይብ ይጠጥራል። በመጭመቅም አይወጣም፤ ይልቁንም ኢንፌክሽኑ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይገፋል።

እብጠቱ ትንሽ ከሆነ እግሩን ጨው በተጨመረበት ለብ ባለ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ በሚገባ ማድረቅ፣ አዮዲን መቀባትና በንጹሕ ፋሻ መጠቅለል ይገባል። ፋሻው በየቀኑ ወይም በየ2 ቀኑ ይቀየራል፤ ጣቶቿ ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ጠብቋልና ወዲያውኑ ይላላ። ዶሮዋም እስክትድን በደረቅ ጭድ ላይ ለብቻዋ ትቀመጥ። እብጠቱ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ከወጣ ግን ጠጣሩን መግል አደንዝዞ የሚያወጣው የእንስሳት ሐኪም እንጂ የቤት ምላጭ አይደለም። የዚህ በሽታ መነሻ ብዙውን ጊዜ ቆጡ ነው። ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጠርዙ የተሞረደና ስንጥር የሌለው እንጨት ይመረጣል፤ ለከባድ ዶሮዎች ከፍታው ከ50 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው።

ሁለተኛው የቁስል ዓይነት እጅግ የከፋ ነው። በተለይ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባሉ የሥጋ ዶሮዎች ላይ የሚከሰት የቆዳ መበስበስ ሲሆን፣ ትናንት ስትበላ የዋለችው ዛሬ ሞታ ትገኛለች። ክንፏን ገልጠው፣ ሆዷንና ጭኗን ይመልከቱ፤ ቆዳው ጠቁሮ ወይም ወደ ሐምራዊ ተለውጦ ይረጥባል፣ ላባው ሲነኩት ይረግፋል፣ በጣት ሲጫኑትም ከሥሩ የታመቀው አየር ይንኮሻኮሻል። ሲቀደድ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ይታያል፤ ሥጋውም የተቀቀለ ይመስላል። ይህን የሚያደርገው የባክቴሪያዎቹ መርዝ ነው። የክሎስትሪዲየም ሴፕቲከም መርዝ የሕዋሳትን ሽፋን ይበሳል፤ የክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ መርዝ ደግሞ የሽፋኑን ስብ ይሰብራል። የሞተው ሥጋ ኦክስጅን ስለማያገኝ ለእነዚህ ባክቴሪያዎች ይበልጥ ይመቻቸዋል፤ መርዙ ወደ ደም ሲገባ ዶሮዋ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት እንኳ አትቆይም። በዚህም ምክንያት ምልክቱ የወጣባትን ዶሮ በመድኃኒት ማትረፍ ከባድ ነው፤ ሕክምናው በዋናነት ለቀሪዎቹ ነው።

የሞቱትን በቀን ደጋግሞ ማንሣትና በጥልቀት መቅበር ወይም ማቃጠል ግዴታ ነው፤ ሌሎቹ በድኑን ይነቁራሉና። ለምርመራ የሚላከው ገና የሞተ ወይም በሕይወት ያለ ይሁን፤ በሙቀት ያደረ በድን በራሱ ስለሚበሰብስ ያሳስታል። አንቲባዮቲክ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ይሰጥ፤ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስም እንቁላልና ሥጋ አይሸጥ። የክሎስትሪዲየም ዘር (ባክቴሪያው ለመቆየት የሚሠራው ጠንካራ ቅርጽ፣ ስፖር) በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ ቀጣዩ ዙር ከመግባቱ በፊት ጉዝጓዙ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ቤቱ ይታጠብ። ጉምቦሮ የተባለው የዶሮ የቫይረስ በሽታ ክትባት ያመለጣቸው ዶሮዎች መከላከያቸው ስለሚዳከም ለዚህ በሽታ የተጋለጡ ናቸው።

ጉዝጓዙን በየጊዜው በእጅ መፈተን ቀላል ነው። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ጨብጠው ሲለቁት እንደ ድቡልቡል ሊጥ ከቀረ ረጥቧል፤ ከተፈረካከሰ ደህና ነው። ብዙ ጊዜ የሚረጥበው መጠጫው ዙሪያ ስለሆነ ፍተሻውን ከዚያ ይጀምሩ።

የቆሰለ ዶሮ ሲነኩ ጓንት ያድርጉ። ለበዓል ተብሎ የቆሰለ ዶሮ አይታረድ፤ ስታፊሎኮከስ ሞቅ ባለ ቦታ በቆየ ሥጋ ላይ ተራብቶ የሚያመነጨው መርዝ ወጡ ቢንተከተክም ላይጠፋ ይችላል።