ብዙ ሎጋሪዝሞችን ወደ አንድ ማምጣት

ማታ ማታ ኮዬ ፈጬ፣ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ቤት ውስጥ የ10ኛ ክፍል ልጆችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ሦስቱን የሎጋሪዝም ሕጎች (የማባዛት፣ የማካፈልና የፓወር) ሁሉም በቃላቸው ያውቋቸዋል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ይገባቸዋል። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ ቤዙን እዩ፤ ሎጋሪዝም (ባጭሩ ሎግ) ማለት ቤዙ የተፈለገውን ቁጥር እንዲሰጥ የሚያስፈልገው ፓወር ነው። ቤዛቸው የተለያየ ሎጋሪዝሞች እንዲሁ አይዋሃዱም። እኔ እዚህ የምጽፋቸው ሁሉ ቤዛቸው 10 ነው፤ ለምሳሌ 10² = 100 ስለሆነ ሎግ100 = 2 ነው።

ቀጥሎ ከሎጉ ፊት የቆመውን ቁጥር ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ፓወር ይሆናል። 2ሎግ3 ማለት ሎግ9 ነው። ½ሎግ49 ደግሞ ሎግ7፤ ግማሽ ፓወር ስኩዌር ሩት ነውና። ይህ ሳያልቅ ፕላሱንም ማይነሱንም አትንኩ።

አሁን አንድ ሎግ ጻፉና አጠገቡ ረዘም ያለ የክፍልፋይ መስመር አስምሩ። ፕላስ ያለው ሁሉ ከላይ፣ ማይነስ ያለው ሁሉ ከታች ይገባል። ላይ ያሉት እርስ በርስ ይባዛሉ፤ ታች ያሉትም እንዲሁ። አንዷ ተማሪዬ መስመሩን ሁሌም በቀይ እስክሪብቶ ነው የምታሰምረው፤ በጣም ወድጄላታለሁ።

2ሎግ3 + ሎግ4 − ሎግ6 ቢሰጠን፣ ላይ 9 × 4፣ ታች 6 ይሆናል። 36 ለ6 ሲካፈል 6። መልሱ ሎግ6 ነው።

መስመሩ በደንብ የሚያግዘው ማይነስ ሲደጋገም ነው። ሎግ60 − ሎግ3 − ሎግ5 ሲሰጣቸው ብዙ ልጆች መጀመሪያ 3ን ለ5 ያካፍሉና ሎግ100 ላይ ይደርሳሉ። ሁለቱም ማይነስ አላቸው፣ ስለዚህ ሁለቱም ታች ይውረዱ። 60 ለ15፣ ሎግ4።

ሎግ3 + ሎግ5 «ሎግ8 ነው» የሚለኝን ልጅ ሎግ10 + ሎግ10 አሠራዋለሁ። እያንዳንዱ 1 ስለሆነ ድምሩ 2 ነው። 2 የሚሆነው ደግሞ ሎግ100 እንጂ ሎግ20 አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ይፋ ያደረገው ለዚሁ ነበር፤ አድካሚውን ማባዛት በመደመር ለመተካት።

ሎግ የሌለው ቁጥር ሲገባበትስ? 3ሎግ2 + ሎግ5 − 2 እንበል። 2ን ሎግ100 ብላችሁ ጻፉት። ላይ 8 × 5፣ ታች 100፤ ሎግ0.4 ይሆናል። ዝም ብሎ 2ን ታች መክተት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ልፋት የሚጠቅመው እኩልታ ስትፈቱ ነው። ሎግሀ + ሎግ(ሀ − 3) = 1 ይሁን። ወደ አንድ ሲመጣ ሎግ[ሀ(ሀ − 3)] = 1 ነው። ስለዚህ ሀ² − 3ሀ = 10፤ ሀ 5 ወይም −2 ይወጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። −2ን በተጠቃለለው ሎግ ውስጥ ብትተኩት −2 × −5 = 10 ስለሚሆን ትክክል ይመስላል። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ግን ሎግ(−2) ይመጣል፤ እሱ ደግሞ በሪል ቁጥሮች ውስጥ የለም። ስለዚህ የምትፈትሹት ሁልጊዜ ከመጠቃለሉ በፊት በነበረው ጥያቄ ላይ ይሁን። መልሱ 5 ብቻ ነው።