ትንሽ የአንጎል አኒዩሪዝም በኮይል ከታከመ በኋላ፤ ደሴ ሆኖ ክትትሉን እንዴት ማስቀጠል ይቻላል?

አንድ ሰው በአንጎሉ የደም ስር ላይ የነበረው ትንሽ እብጠት (አኒዩሪዝም) በቀጭን የፕላቲነም ጥቅል ሽቦ፣ ማለትም በኮይል ተሞልቶለት ወደ ደሴ ሲመለስ፣ ቤተ ዘመድ «እንኳን ፈጣሪ ማረህ» ብሎ ጉዳዩን እንደ ተዘጋ ይቆጥረዋል። ደስታው ተገቢ ቢሆንም ሥራው አላለቀም፤ ኮይሉ እብጠቱን ከውስጥ ሞልቶ ደም እንዲረጋበት ያደርጋል እንጂ እብጠቱን ቆርጦ አያወጣውም። የደም ግፊቱ ሽቦውን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ሲያጭቀው የእብጠቱ አንገት፣ ማለትም ከደም ስሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ እንደገና ሊከፈት ይችላል።

ስለዚህ ከታከሙበት ሆስፒታል ሳይወጡ፣ የእብጠቱን መጠን በሚሊ ሜትር፣ ያለበትን የደም ስር፣ በሕክምናው ማብቂያ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ እንደሆነ ወይም አንገቱ ላይ ክፍተት መቅረቱን፣ እንዲሁም ስቴንት (ኮይሉን ደግፎ የሚይዝ፣ በደም ስሩ ውስጥ የሚቀመጥ የመረብ ቱቦ) መጨመሩን የሚገልጽ ማጠቃለያና የአንጂዮግራፊውን (የደም ስር ምስሉን) ሲዲ ይቀበሉ። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ሳለች ፍራሽ ስር የተረሳ ፊልም ለማንም አይጠቅምምና፣ ቅጂውን በስልክዎም በዘመድ እጅም ያስቀምጡ።

የክትትል ምስል በብዙ ቦታ በስድስተኛው ወር ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እንደ ሁኔታው በዓመትና በዓመታት ያራርቀዋል። ለክትትሉ የደም ስር ኤምአርአይ ይመረጣል፤ በሲቲ ስካን ላይ የኮይሉ ብረት የሚፈጥረው ብልጭታ አንገቱን ይጋርደዋል። «ብረት አለብኝ» ብለው ኤምአርአይን አይፍሩ፤ የፕላቲነም ኮይል አይከለክልም፤ ይሁን እንጂ ባለሙያው አስቀድሞ እንዲያውቅ የኮይሉን ካርድ ያሳዩ።

ውጤቱን ሲሰሙ «ተከፍቷል» (ደም እንደገና ገብቶበታል) እና «ፈንድቷል» (ደምቷል) የተለያዩ መሆናቸውን ይያዙ። ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ስንቆጥር ኮይል ከተደረገላቸው እብጠቶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ መልሶ ይከፈታል፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ደግሞ ዳግም ይታከማል። ትንንሾቹ ከ10 ሚሊ ሜትር ከሚበልጡት ይልቅ የመከፈት ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ በስድስተኛው ወር በደንብ ተዘግቶ የታየ እብጠትም ከዚያ በኋላ የሚከፈተው ከስንት አንዴ ነው። እብጠቱ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ ከማስገቢያው ሽቦ የሚላቀቀው ኮይል በሰው ላይ መጀመሪያ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1990 ስለሆነ ይህ የብዙ ዓመታት ልምድ ነው። ፈንድቶ የነበረ እብጠት ባላቸው 2,143 ሰዎች ላይ የተካሄደው ጥናት እንዳሳየው፣ የታከመው እብጠት በኋለኞቹ ዓመታት እንደገና መድማቱ ጥቂት ሲሆን፣ በኮይል በታከሙት ላይ ግን ጭንቅላት ተከፍቶ የእብጠቱ አንገት በቅንጥብ (ክሊፕ) ከታሰረላቸው በጥቂቱ ይበልጣል። የምስል ቀጠሮን መዝለል የማይገባውም በዚህ የተነሣ ነው።

በቤት የሚሠራው ደግሞ የደም ግፊትን መለካትና መመዝገብ፣ ሲጋራን ፈጽሞ መተው ነው። ጫትም ግፊት ከፍ ያደርጋልና የበርጫ ወዳጆች ቢቀየሙም ይቅርብዎት። ስቴንት ከገባልዎ የታዘዘልዎን አስፒሪንና ሌላ የደም ማቅጠኛ ለረመዳን፣ ለዐቢይ ጾም ወይም ለጸበል ብለው በራስዎ አያቋርጡ፤ የሚወስዱበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክሉ።

ራስ ምታት ሁሉ ከኮይሉ አይመጣም። ነገር ግን እንደ መብረቅ በቅጽበት የሚመታ፣ ከዚህ በፊት የማያውቁት ራስ ምታት፣ በተለይ ከማስመለስ፣ ከአንገት መገተር ወይም ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ቅርብ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የዳገት መንገድ ስለሆነ መኪና የሚያመጣውን ሰው ዛሬውኑ ይወስኑ፤ እዚያም እንደ ደረሱ በቅድሚያ «ጭንቅላቴ ውስጥ ኮይል አለ» ብለው ማጠቃለያውን ለተረኛው ሐኪም ይስጡ።