ከከተማ ዳር ጠጥቶ መመለስ፦ ብዙ አሽከርካሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ወጣ የሚለው ሰው ብዙ ነው። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰንዳፋ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ጥሬ ሥጋውም ጠጁም እዚያ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አይቸግርም። የሚቸግረው መመለሻው ነው። መሀል ከተማ የሚጠጣ ሰው ቢያንስ ታክሲ አያጣም። ከተማ ዳር የሚጠጣው ግን በመኪናው መጥቶ በዚያው መኪና ይመለሳል።

ጠጥቶ መንዳት ክልክል መሆኑን የማያውቅ ሹፌር አላጋጠመኝም። ሰው ቁልፉን የሚያነሳው ሕጉን ስለማያውቅ አይደለም። ለራሱ የሚነግረው ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቶቹ ደግሞ ከቤት ቤት ያው ናቸው።

“ሁለት ቢራ ምን ያደርጋል?”

የዓለም ጤና ድርጅት የመንገድ ደህንነት ሪፖርቶች ለኢትዮጵያ አሽከርካሪ የመዘገቡት የአልኮል ጣሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው። ድርጅቱ ራሱ አገሮች እንዲይዙ የሚመክረው ከዚህ ያነሰ ነው፤ 50 ሚሊ ግራም። ለወጣትና ለጀማሪ አሽከርካሪ ደግሞ 20።

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለው። 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ደም በግምት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይጨምራል። 55 ኪሎ በምትመዝን ሴት ደም ውስጥ ወደ 40 ይጠጋል። ስለዚህ ሁለት ቢራ ለአንዱ ከሚመከረው 50 በላይ ነው፣ ለሌላዋ ደግሞ ከአገሩ ጣሪያ ጋር ይገናኛል።

ይህን የጻፍኩት እየቆጠራችሁ እንድትጠጡ አይደለም። ቁጥሩ የሚያገለግለው ጥቂት የሚባለው ነገር ጥቂት አለመሆኑን ለማየት ነው። ከተማ ዳር ደግሞ የሚጠጣው ቢራ ብቻ አይደለም። የቤት ጠጅ ጠርሙስ ላይ የተጻፈ መጠን የለውም። አንዱ ቤት ለስለስ ያለ ይጥላል፣ ሌላው ጠንከር ያለ፣ ጣፋጭነቱ ደግሞ ኃይሉን ይደብቀዋል። አረቄው 40 በመቶ ከሆነ፣ 40 ሚሊ ሊትሩ ብቻ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር የሚቀራረብ አልኮል አለው። ሥጋው እስኪቆረጥ ሁለት መለኪያ፣ ከሥጋው ጋር አንድ ብርሌ፣ ከዚያ ደግሞ ቢራ ያዘዘ ሰው ምን ያህል እንደጠጣ ሊያውቅ አይችልም።

“ሥጋ በልቼበታለሁ፣ ቡናም ጠጥቻለሁ”

ምግብ አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ የጠጣችሁትን አያጠፋም። እንዲያውም ሞቅታው ዘግይቶ ስለሚመጣ፣ ከጠረጴዛው ስትነሱ ደህና የነበራችሁ መንገድ ላይ ሊብስባችሁ ይችላል። ቡና፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊት ላይ መርጨት፣ መስኮት ከፍቶ መንዳት፦ እነዚህ እንቅልፍን ለጊዜው ያባርራሉ። አልኮሉን ግን አያወጡም። የሚያወጣው ጉበት ነው፣ እሱም በራሱ ፍጥነት።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ጨብሲ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲቃም ውሎ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው። ጫቱ ስላነቃው ሰውየው የሰከረ አይመስለውም፤ ብዙ ይጠጣል፣ ንግግሩም የተስተካከለ ይመስላል። የማመዛዘን ችሎታውና የእጁ ፍጥነት ግን አልተመለሱም። ንቁ የሆነ ሰካራም መሪ ይይዛል ማለት ነው።

“ተኝቼ ተነስቻለሁ”

ጉበት በአማካይ በሰዓት ከ100 ሚሊ ሊትር ደም 15 ሚሊ ግራም ያህል ነው የሚያስወግደው። ሰርግ ላይ በደንብ ጠጥቶ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ደሙ ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ያለውን ሰው እንውሰድ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ገና 90 ይቀረዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቢተኛም ከጣሪያው በላይ ነው። ሰርግ ማግስት ለመልስ በጠዋት መኪና የሚያወጣ፣ ከበዓል ማግስት ሚኒባሱን ይዞ ወደ ሥራ የሚወጣ ሹፌር ይህን ሒሳብ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

“ቀስ ብዬ እነዳለሁ”

ይህ ስህተት ሰፋ አድርጎ ማየት የሚፈልግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ጥንቁቅ የሚባሉት ሰዎች ናቸውና።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ያልጠጣ ሹፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ቢፈጅበት፣ መኪናው 25 ሜትር ሄዷል። ደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በጠቅላላው 45 ሜትር። አጭር መብራት ደግሞ አጥርቶ የሚያሳየው ወደ 50 ሜትር ነው። ሹፌሩ ጤነኛ ሆኖ እንኳ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ነው። አልኮል ግማሽ ሰከንድ ቢያዘገየው 8 ሜትር ይጨመራል፣ ያ ትርፍ ቦታም አለቀ።

አሁን ይህን ወደኛ መንገድ እናምጣው። ከሱሉልታ ስትመለሱ የእንጦጦን ቁልቁለት ወደ አዲሱ ገበያ ትወርዳላችሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጭጋግ አለ፣ ከፊት ከኋላ የጭነት መኪና አለ። በዱከምና በቱሉ ዲምቱ በኩል ከባድ ተሽከርካሪ ሌሊቱን ሙሉ አይቋረጥም። ብዙ ቦታ የመንገድ መብራት የለም፣ የእግረኛ መንገድም የለም። የኋላ መብራት የሌለው ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ አህያ፣ ከፋብሪካ ፈረቃ የወጡ ሠራተኞች፣ ሁሉም ያንኑ የአስፋልት ጠርዝ ይጋራሉ። እሁድ ንጋት ላይ ደግሞ ነጠላ የለበሱ እናቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር ይወጣሉ። ሌሊቱን ሲጠጣ ያደረ ሰው ወደ ቤቱ የሚነዳውም በዚያው ሰዓት ነው።

ጠጥቶ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ፍጥነቱን ቀነሰ እንጂ ዓይኑን አልመለሰም። አልኮል ከፊት ያለው ላይ ብቻ እንዲያተኩር ያደርገዋል። ከጎን የሚገባውን እግረኛ ዘግይቶ ያየዋል። ኪሳራው ደግሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቀበቶ አስሮ ውስጥ በተቀመጠው ላይ ሳይሆን በእግሩ በሚሄደው ላይ ነው። እኔን ዝም የማያሰኘኝ ይሄ ነው።

“እዚህ ማን ይመረምረኛል?”

ከአዲስ አበባ ክልል ከወጡ በኋላ ሕጉ የሚላላ የሚመስላቸው አሉ። አይላላም። የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንቡ የፌዴራል ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎን ጠቅልሎ በተመሠረተው ሸገር ከተማም ሆነ በአዲስ አበባ ጠጥቶ መንዳት ጥፋት ነው።

ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ትራፊክ ፖሊስ ቅጣት ነው። ቅጣቱ ትንሹ ነገር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት፣ በአልኮል ራሱን ኃላፊነት ወደማይሰማው ሁኔታ አስገብቶ በቸልተኝነት ሰው የገደለ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። “ሰክሬ ነበር” ማለት እዚህ ማቅለያ ሳይሆን ማክበጃ ነው። ኢንሹራንሱንም አስቡት። የሙሉ ዋስትና ውሎች ሹፌሩ ጠጥቶ የደረሰን ጉዳት ብዙ ጊዜ አይሸፍኑም። ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡት።

“በሞቴ፣ አንዲት ብቻ”

ይህኛው የሹፌሩ ስህተት አይደለም፣ የጋባዡ ነው። እንግዳው ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እያየን “በሞቴ”፣ “እኔ ልሙት”፣ “የመሄጃ ናት” እንለዋለን። እምቢ ካለ ቅር ይለናል። የሚነዳ ሰው እምቢ ሲል ክብር አለው፤ ጋባዥ ይህን ለእንግዶቹ ጮክ ብሎ ቢናገር ብዙ ይቀላል። “እሱ ሹፌር ነው፣ አምቦ ውሃ አምጡለት” ማለት ይበቃል። ሽማግሌ ሲያስገድዳችሁ ደግሞ “አባባ፣ ልጆች ይዤ ነው የምነዳው” ብላችሁ ብርጭቆውን በእጃችሁ ሸፍኑት። የሚቀየም የለም።

መመለሻውን ከጠጡ በኋላ ማሰብ

ከአንድ ብርጭቆ በኋላ “ደህና ነኝ” የሚለው ያው የጠጣው ጭንቅላት ነው። ውሳኔው ከቤት ሲወጣ መደረግ አለበት፦ ዛሬ የሚነዳው ማን ነው? የሚነዳው አንድም አይቀምስም። ሁሉም ሊጠጣ ከሆነ መኪናው ቤት ይቅር።

በስልክ የሚጠሩት ራይድ፣ ፈረስና ያንጎ አሉ። ከተማ ዳር ላይ ግን በምሽት ሹፌር ቶሎ ላይገኝ ይችላል፣ የተገኘውም የመመለሻ ሒሳብ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ስትሄዱ ያደረሳችሁን ሹፌር ስልኩን ተቀበሉና የመመለሻ ሰዓትና ዋጋ እዚያው ተስማሙ። መኪና ይዛችሁ ሄዳችሁ ሳታስቡት ከጠጣችሁ፣ ግቢው ውስጥ አቁሙትና ለጥበቃው የሻይ ሰጥታችሁ ነገ ውሰዱት። ዘመድ ቤት ካላችሁ እዚያው እደሩ።

ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ተሳፍራችሁ የሹፌሩ ትንፋሽ አረቄ አረቄ ከሸተታችሁም ዝም አትበሉ። “ወራጅ አለ” በሉ፣ ሰው ባለበትና መብራት ባለበት ቦታ ውረዱ፣ አብረዋችሁ ላሉትም ንገሯቸው።