ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራ ሰዓት ሲያሰሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ርቀቱን ለፍጥነት አካፍሎ መጨረስ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዱለስ አየር ማረፊያ በአየር መስመር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር 13 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ይህ ስሌት ብዙም አይስትም። ሲሄዱ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም ቦሌ ራሱ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛና ጭነት የያዘ አውሮፕላን አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ይከብደዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ደብሊንን በመሰሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ከፍተኛ ነፋስ ሂያጁን ይገታዋል፣ ተመላሹን ይገፋዋል። አውሮፕላን አልቀይርም ማለት መንገድ ላይ አላርፍም ማለት እንዳልሆነም ልብ ይበሉ።

የመነሻና የመድረሻ ሰዓትን እንዲሁ ማቀናነስ። ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነሥቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ በረራ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይመስላል። በአሜሪካኖች በጋ ላይ ሰባት፣ በክረምታቸው ላይ ስምንት ሰዓት ይጨመርበታል። አሜሪካኖች በመጋቢት ሁለተኛ እሑድና በኅዳር የመጀመሪያ እሑድ (በእነርሱ አቆጣጠር) ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን በረራ በቀን ስሙ ብቻ መያዝ። እኔ ከሁሉም የከፋ የምለው ይህን ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ካለ በእኛ ልማድ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቦሌ ለመገኘት ሰኞ ማታ 3:40 ላይ መድረስ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ማታ ሻንጣ ጭኖ፣ ሸኚ አስከትሎ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑም የሚቆጠረው በፈረንጅ ነውና «12» የሚለውን ቁጥር በእኛ 12 አይተርጉሙት።

በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት። ማስመሪያው በማሊ በኩል ያሳልፍዎታል። ምድር ክብ በመሆኗ አጭሩ መንገድ ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ፣ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ፣ በፖርቱጋል አቅራቢያ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። እሱም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው፤ በሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ሰማይ እንደተዘጋ ሁሉ፣ አንድ አገር ሰማዩን ሲዘጋ አብራሪዎች ይዞራሉ፤ ኪሎ ሜትሩም ይጨምራል።

ተቀባይን በማረፊያው ሰዓት መቅጠር። ዱለስ ላይ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቅና ጉምሩክ አለ። ሌላ በረራ የሚቀጥሉ ከሆነም ሻንጣውን እዚያው ተቀብለው ጉምሩክ አሳልፈው እንደገና ማስረከብ አለብዎት። ሁለቱን ትኬቶች ለየብቻ የገዙ ከሆነ ደግሞ ቀጣዩ ቢያመልጥዎት የመጀመሪያው አየር መንገድ ኃላፊነት አይወስድም።