አበባችሁ ጥር ላይ እንዳይደርቅ፦ የግቢ አበባን ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንንከባከብ?

መስከረም ሲጠባ በየመንገዱ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆች ገበያቸው ይደራል። ለአዲስ ዓመት ግቢው ይመር ተብሎ ጽጌረዳው፣ ጄራንየሙ፣ ዳሊያው በአንድ ቀን ተገዝቶ ይመጣል። ለመስቀል ያምራል፣ ጥቅምትንም ይሻገራል፣ ታኅሣሥ ላይ ቅጠሉ መጠቅለል ይጀምራል፣ ጥር ላይ ደረቅ እንጨት ሆኖ ይነቀላል። ከዚያ «የእኔ እጅ ለአበባ አይሆንም» ይባላል።

ችግሩ ከእጃችሁ አይደለም፣ ከተከላው ጊዜ ነው። መስከረም ላይ የተተከለ አበባ በደንብ ሥር ሳይሰድ ዝናቡ ያቆማል። ሰኔ ላይ የተተከለው ግን ሦስት ወር ሙሉ ሰማይ ሲያጠጣው ከርሞ በጋውን ሥሩን ሰድዶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአበባ ዓመት የሚጀምረው ግንቦት ላይ ነው፣ እኔም ከዚያው እጀምራለሁ። የምጽፈው አዲስ አበባን ይዤ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ውርጩን ጨምሩበት፣ አዳማና ሐዋሳ ያላችሁ ሙቀቱን። ቅደም ተከተሉ ብዙም አይለያይም።

ግንቦት፦ መጀመሪያ ግቢያችሁን እዩ

ምንም ሳትገዙ አንድ ቅዳሜ እቤት ዋሉ። ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ የት የት እንደምታርፍ እዩ። ጽጌረዳ፣ ጄራንየምና ቦገንቪላ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋሉ። አጥር ሥር ጥላ የሚበዛበት ቦታ ላይ ጽጌረዳ ብትተክሉ ሽቅብ ይመዘዛል እንጂ አያብብም። እንዲህ ያለ ቦታ ለኦርታንሲያ ወይም ለካላ ሊሊ ይሁን። ካላ ሊሊ እርጥብ ቦታ ስለምትወድ የቧንቧው አካባቢ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ጥግ ሁሉ ይስማማታል። በነገራችን ላይ ሳይንሳዊ ስሟ ላይ «ኤትዮፒካ» የሚል አለበት፣ አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው።

ቀጥሎ አፈሩን ፈትሹ። እፍኝ አፈር በውሃ አርጥባችሁ ጨምቁት። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ ከቀረ ዋልካ ነው። ሲነኩት ከተፈረፈረ ግን እድለኛ ናችሁ፣ ብስባሽ ብቻ ጨምሩበት።

ዋልካ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ አፈር ነው ዋጋ የከፈልኩት። ዋልካ በክረምት ውሃ ይዞ አለቅም ይላል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። የመጀመሪያ ዓመት ላይ አምስት ጽጌረዳ ስተክል ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ዋልካውን አውጥቼ፣ በምትኩ ምርጥ ለም አፈር ሞላሁበት። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ርቦት ነው ብዬ እበት ጨመርኩ። ባሰበት። ሦስቱ ሞቱ፣ አንዱን ስነቅለው ሥሩ ጥቁር ሆኗል፣ በጣቴ ሳሸው ልጣጩ ሙልጭ ብሎ ወጣ፣ ሽታው የቆመ ቦይ ነው። ለካ ለም አፈር የሞላሁበት ጉድጓድ ዋልካው ዙሪያውን ስላቀፈው ገንዳ ሆኖ ነበር። የክረምቱ ውሃ ገብቶበት መውጫ አጣ።

ስለዚህ ዋልካ ያላችሁ ወደ ታች አትቆፍሩ፣ ወደ ላይ ከፍ አድርጉ። ዙሪያውን በድንጋይ ወይም በብሎኬት ከልላችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሩ። የሚሞላበት ድብልቅ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ ፍርፋሪ ድንጋይም አሸዋውን ይተካል፣ እንዲያውም ውሃ ለማሳለፍ እሱ ይሻላል።

እበት ስትጨምሩ ደግሞ ትኩሱን አታድርጉ፣ ሥር ያቃጥላል። ቢያንስ ሦስት ወር ክምር ሆኖ ይቆይ። ሽታው ጠፍቶ፣ ጠቁሮ፣ በእጅ ሲያዝ እንደ ቡና ዱቄት ከተፈረፈረ ደርሷል።

ሰኔ፦ መትከል

ሁለት ሦስት ቀን ጠንከር ያለ ዝናብ ጥሎ አፈሩ ወደ ውስጥ ሲርስ መትከል ይቻላል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ፣ 10 ሰዓት ገደማ ቢሆን ይመረጣል፣ ችግኙ ሌሊቱን አርፎ ያድራል።

ጥቁሩን ላስቲክ በምላጭ ሰንጥቃችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት። ከነላስቲኩ የሚተክሉ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያ ተክል ዕድሜ ልኩን እዚያችው ላስቲክ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሥሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከሆነ በጣታችሁ ፈታ ፈታ አድርጉት። ጽጌረዳው በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥሎ የተዳቀለ ከሆነ ግንዱ ላይ አንድ እብጠት አለ፣ እሱ ከአፈር በላይ ይቅር። በሁለት ጽጌረዳ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ሲተከል ትንሽ ነው፣ ቦታው ሰፊ ይመስላችኋል፣ ግን ነፋስ ካላገኘ ክረምት ላይ በሽታ አይለቀውም። ከተከላችሁ በኋላ ዳመና ቢኖርም አንድ ጊዜ ውሃ አጠጡት፣ አፈሩ ሥሩን እንዲይዝ።

ካለፈው ዓመት የሰበሰባችሁት የአደይ አበባ ዘር ካለ አሁን በትኑት። ቆፍሮ መቅበር አያስፈልግም፣ መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ መበተን ይበቃል።

አጥር የሚያስቡ ደግሞ ቀጋን አይርሱ። እሾሃም ነው፣ ነጭ አበባው ደስ ይላል፣ ፍሬው ይበላል። የአገራችን የራሷ የሆነ የጽጌረዳ ዘር ነው። እንደ ፈረንጅ ጽጌረዳ እሹሩሩ አይፈልግም።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ውሃውን አስወጡ፣ አባዙ

በእነዚህ ሁለት ወራት ሥራችሁ ውሃ ማስወጣት ነው። ዝናብ ሲያባራ ወጥታችሁ ውሃ የተኛበትን ቦታ እያያችሁ በመኮትኮቻ ትንሽ ቦይ ቅደዱለት። የጀሪካንና የቀለም ባልዲ ተክል ካላችሁ ሥሩ ያለው ቀዳዳ በጭቃ እንዳይደፈን በእንጨት ነካ ነካ አድርጉ። ባልዲውን ከመሬት በሁለት ድንጋይ ከፍ ማድረግም ጥሩ ነው።

ጽጌረዳ ቅጠል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ቅጠሉን ልቀሙ፣ የወደቀውንም ከመሬት አንሱ። ወደ ብስባሽ ክምር አታስገቡት፣ በሽታው ከዚያ ነው የሚመለሰው። ቀንድ አውጣ ከበዛ ማታ 2 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፣ ቀን የማታዩትን ሁሉ ቅጠል ላይ ታገኙታላችሁ። በእጅ እየለቀሙ ማስወገዱ ከመድኃኒት ይሻላል።

ለማባዛት ከሐምሌ የተሻለ ወር የለም። ከጽጌረዳው እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ጤነኛ ቅርንጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ከላይ ሁለት ቅጠል ብቻ ትታችሁ የቀረውን አራግፉ፣ ግማሹን እርጥብ አሸዋና አፈር ውስጥ ሰክታችሁ ቂጡ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ድፉበት። ክዳኑን አንሡለት፣ እንዲተነፍስ። ሥር ለመስደድ አንድ ሁለት ወር ይፈጅበታል። ሥር አወጣ አላወጣ እያሉ መነቅነቅ ግን ክልክል ነው። ጄራንየም የተለየ ነው፦ የተቆረጠውን አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቁስሉ ሲደርቅ ትሰኩታላችሁ። ጠርሙስ አትድፉበት፣ ይበሰብሳል።

ዋናውን የጽጌረዳ ግርዛት እኔ የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ አደርገዋለሁ፣ ዝናብ በማይጥልበት ጠዋት። የተገረዘ ጽጌረዳ እንደገና ለማበብ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ስለሚወስድ፣ ነሐሴ 17 አካባቢ የቆረጣችሁት ጥቅምት ሲገባ ያፈነዳል። መስከረም 26 ላይ ዘመነ ጽጌ ሲጀምር ግቢያችሁ ውስጥ እንቡጥ ሞልቶ ታገኙታላችሁ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የደረቀውንና የታመመውን አውጡ። ከዚያ እርስ በርስ የሚፋተገውን። አራት ወይም አምስት ጠንካራ ቅርንጫፍ ሲቀር እያንዳንዱን ከቁመቱ ግማሽ ያህል አሳጥሩ። መቀሱ የሚያርፈው ወደ ውጭ ከሚያይ ማቆጥቆጫ ዓይን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋችሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ልብ ይቆርጣል፣ ይህን ሁሉ ቆርጬ ገደልኩት እንዴ ትላላችሁ። አይዟችሁ። መቀሱ ግን ስል ይሁን፣ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሄዱም በአልኮል ጥረጉት።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፦ አበባውን አስቀጥሉ

የጠወለገ አበባ ተክሉ ላይ ከተተወ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ፍሬ ይወስዳል። ስለዚህ ሲጠወልግ ቁረጡት። ጽጌረዳ ከሆነ ከአበባው ወደ ታች ስትወርዱ አምስት ቅጠል ያለው የመጀመሪያ ዘለላ ታገኛላችሁ፣ ከእሱ በላይ ነው መቁረጥ።

ዝናቡ ሳያቆም፣ መሬቱ ገና እርጥብ እያለ መሬቱን አልብሱት። ለዚህ ለበዓል የተጎዘጎዘው ቄጠማ እንዳይጣል። ከሳሎን ተጠርጎ ሲወጣ አድርቁትና ተክሉ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አልብሱ፣ ግንዱን እንዳይነካ ትንሽ ራቅ አድርጋችሁ። እኔ ዘንድ ቄጠማ የለበሰውና ያልለበሰው መደብ ጥር ላይ በግልጽ ይለያያሉ። አንዱ ሲሰነጠቅ ሌላው ገና ጥቁር እርጥብ ነው።

ጥቅምት ላይ እንቡጡ ጫፍ አረንጓዴ ቅንጣቶች ተለጥፈው ካያችሁ ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ግንዱን ይዞ ሲወጣ ሲወርድ ማየትም ምልክት ነው፣ ክሽክሹ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነውና የሚመላለሰው። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ ማታ ላይ ከቅጠሉ ሥር ጭምር ርጩ። በሦስት ቀን ድገሙት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ዝቅ ባለ ግቢ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት ሌሊት አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ የሌለበት ማታ ከሆነ ጠርጥሩ። ለጋውን ተክል በአሮጌ አንሶላ ወይም በጆንያ ሸፍኑት፣ ጠዋት ግለጡት። በዚህ ወቅት ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ነው።

አደይ አበባው ሲደርቅ ዘሩን ሰብስቡና በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል።

በጋ፦ ውሃ በልክ

በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት ተክሉን ያበላሻል። ውሃው ላይ ላዩን ብቻ ስለሚያርስ ሥሩም ላይ ላዩን ይቀራል፣ አንድ ቀን ሲረሳ ይደርቃል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ለአንድ ትልቅ ጽጌረዳ 10 ሊትር ያህል፣ ቀስ እያላችሁ ሥሩ ላይ አፍስሱ። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው መገጣጠሚያ አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ጫፉ ላይ እርጥበት ከተሰማችሁ ነገ ይሁን።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጎመን፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅሙ። በረኪና የነካውን ግን አታድርጉ። ከቤት ለምትርቁበት ሰሞን የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስታችሁ፣ ውሃ የሞላውን ጠርሙስ ዘቅዝቃችሁ ተክሉ አጠገብ ቅበሩት።

ቦገንቪላን በዚህ ጊዜ አትንከባከቡት ብል እውነቴን ነው። ጥም ሲሰማው ነው የሚያብበው፣ ውሃ ስታበዙበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ዳሊያም ግንዱ ሲደርቅ ሞተ ብላችሁ አትንቀሉት። ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ትታችሁ ቁረጡትና ማጠጣቱን አቁሙ። እንደ ድንች ያለው ሥሩ ከታች ተኝቷል። የሜክሲኮ ደጋ ተክል ስለሆነ እንደኛ አገር ክረምት ጠጥቶ በጋ ማረፍ ለምዷል።

በልግ

የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ አይታመንም። ሦስት ቀን ጥሎ ሦስት ሳምንት ይጠፋልና ቄጠማውን አታንሡ፣ ባልዲውንም አታስቀምጡ። ብስባሽ ለእያንዳንዱ ተክል አንድ ሁለት አካፋ ስጡ፣ መሬቱ ሲርስ። በረዶ ቅጠሉን ከቀደደው አትደንግጡ፣ የተሰበረውን ብቻ ቁረጡ።

ሐምሌ ላይ የሰካችሁት የጽጌረዳ ቁራጭ አሁን ሥር ይዟል። በወተት ጣሳ ያሉትን ወደ ሰፋ ያለ ባልዲ አዛውሩ፣ ሰኔ ላይ መሬት ይገባሉ። የተረፋችሁን ለጎረቤት ስጡ፣ ስትሰጡ ግን «ሰኔ ላይ ትከይው» በሉ። ዳሊያው የተኛበትን ቦታ ደግሞ ግንቦት ሲገባ በየጠዋቱ እዩት። ከቆረጣችሁት ግንድ ሥር ቀላ ያለ ጫፍ አፈሩን ፈንቅሎ ብቅ ያለ ቀን፣ የመጀመሪያውን ውሃ ስጡት።